ከአዲስ አበባ እስከ ሸዋሮቢት፦ ለፎቶ የት የት፣ በስንት ሰዓት እንቁም?

በኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ ይህን ጥያቄ የከፈተው ሰው ዕቅዱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ካሜራ የያዙ ስድስት ሰዎች ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሚኒባስ ከአዲስ አበባ ተነስተው በሰንዳፋ፣ በሸኖ፣ በጫጫ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አድርገው ሸዋሮቢት ይደርሳሉ፤ በዚያው ቀን ይመለሳሉ። በመንገዱ ላይ 14 የፎቶ ማቆሚያ መርጦ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ መድቧል። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከዝርዝሩ የጎደለ ቦታ አለ ወይ? ጣርማ በርስ ስንት ሰዓት ላይ መድረስ ይሻላል? መልክዓ ምድሩ ውብ እስከሆነ ድረስ ግን ሰዓቱ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም ብሎ ጨመረበት። ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተከታተሉትን መልሶች፣ ያረዘመው ይህ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ነው። መልሶቹን በየቁጥራቸው፣ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ ይዤ አስቀምጣቸዋለሁ።

መልስ 1

ሰላምታ አቅርቦ፣ ዕቅዱንም አመስግኖ በቀጥታ ወደ ሒሳቡ ገባ። ደብረ ብርሃን 130፣ ደብረ ሲና 190፣ ሸዋሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልሱ 450 ይሆናል። በየከተማው ባጃጅ፣ ጋሪና ከብት መንገዱን ይሻማል፤ ከጣርማ በር በታች ደግሞ ከተሳቢ ኋላ ተሰልፎ በዝግታ መሄድ ግድ ነው። ስለዚህ ጉዞው ብቻውን ወደ 10 ሰዓት ይወስዳል። 10 ደቂቃ የሚባል ማቆሚያም የለም። ስድስት ሰው ወርዶ፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ዘርግቶ፣ አንስቶ፣ ጠቅልሎና ተቆጥሮ እስኪሳፈር 25 ደቂቃ ይሄዳል። 14 ጊዜ 25 ደቂቃ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ጉዞውና ማቆሚያው ተደምሮ 16 ሰዓት ሲሆን፣ በዚህ አገር ፀሐይ የምትታየው ግን 12 ሰዓት ያህል ነው። ማቆሚያውን ወደ ስድስት አውርዱ፣ አንድ ሌሊት እደሩ አለ። እስከ ክሩ መጨረሻ ይህን የተቃወመ ሰው አልመጣም።

መልስ 2

ይህኛው በመስመሩ ላይ የሚሠራ ሹፌር መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ማቆሚያ የሚመረጠው በእይታው ሳይሆን በመሬቱ ነው ባይ ነው። መኪናው አራቱንም ጎማ ይዞ ከአስፋልት መውረድ አለበት፤ ግማሹ ጎማ አስፋልት ላይ ከቀረ ቆመናል አይባልም። ከፊትም ከኋላም ቢያንስ 150 ሜትር ሳይከለል መታየት አለበት። ምክንያቱንም አስልቶ አሳየ፦ በ80 የሚመጣ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ 150 ሜትር ማለት ሰባት ሰከንድ እንኳ አይሞላም። መቆሚያው ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ይሁን፤ የሚኒባሱ በርም የሚከፈተው በዚያው በኩል ስለሆነ ሰው ወደ አስፋልቱ አይወርድም።

ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው መሬት አብዛኛው ዋልካ፣ ውኃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ላዩ ደርቆ ሲታይ እንኳ ውስጡ ጭቃ ስለሆነ ሚኒባስ ገብቶ ይቀራል። ረዳቱ መጀመሪያ ወርዶ በእግሩ ይርገጠው፤ ተረከዙ ከሰጠመ ይለፉት። ረጅም ሣር ካለ ከሥሩ ቦይ አይጠፋም። ቁልቁለት ላይ ሲቆም ማርሽ ገብቶ፣ የፊት ጎማ ወደ ዳር ተጠምዝዞ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ታኮ ይደረጋል። ባለሦስት ማዕዘኑ ምልክት የሚቀመጠው ኩርባው ላይ ሳይሆን ከኩርባው በፊት ነው፤ ኩርባውን የዞረ ሹፌር ምልክቱን ቢያይም ለማቆም ጊዜ የለውም።

መልስ 3

ሰዓቱ ለውጥ አያመጣም የሚለውን ያነሳችው ይህች ናት፤ በጨዋነት፣ ግን ሳትለሳልስ። ከጣርማ በር እስከ አንኮበር የተዘረጋው ገደል ፊቱ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ነው። ስለዚህ ጠዋት ፀሐይ የገደሉን ግንብ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ከ8 ሰዓት በኋላ ግንቡ እየጠቆረ ይሄዳል። ገደሉን ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ለሚያነሳ ሰው ምርጡ ሰዓት ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ነው። ከአፋፉ ሆኖ ቆላውን ለሚያነሳ ግን ጠዋት ፀሐይ ሌንሱ ውስጥ ትገባበታለች፤ ቆላው ጥርት ብሎ የሚበራለት ከሰዓት በኋላ ነው። የጠያቂው ዕቅድ ጣርማ በር አፋፍ ላይ በ4 ሰዓት፣ ደብረ ሲና ግርጌ ላይ ደግሞ በ9 ሰዓት ስለሚያደርሰው ሁለቱንም ገልብጦ ይዟቸዋል።

መልስ 4

በመልስ 3 በዋናው ነገር ተስማምቶ ሁለት እርማት አመጣ። አንደኛው፣ ጠዋት ከአፋፍ ወደ ቆላው ማንሳት ከንቱ አይደለም። ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ጭጋጉ በተራሮቹ መሀል ስለሚተኛ ሰንሰለቶቹ አንዱ ካንዱ እየፈዘዙ ተደራርበው ይታያሉ። ለዚህ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 8 (የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ልክ)፣ የሌንስ መከለያ ያስፈልጋል፤ ፀሐይዋን ከፍሬሙ ማስወጣት ነው። ሁለተኛው፣ ቆላው ከሰዓት በኋላ ይበራል ማለት እስከ ማታ ይበራል ማለት አይደለም። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን ሸዋሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድሞ ከፍታዋ 15 ዲግሪ ያህል ስለሚሆን የገደሉ ጥላ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ቆላው ላይ ይተኛል። 11 ሰዓት ላይ ጣርማ በር የደረሰ ሰው የሚያገኘው ጥላውን ነው፤ ከ9 እስከ 10 ሰዓት ተኩል መድረስ አለበት። ደብረ ሲናም ከገደሉ ግርጌ ስለሆነች ፀሐይ ቀድማ ትሸሻታለች።

ስለ ክረምትም ጨመረ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ በእኩለ ቀን ፀሐይ ከእኛ ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በኅዳር የተለማመድነው የጥላ አቅጣጫ በሰኔ ተገልብጦ ይገኛል። ከወር ወር የጠዋት ብርሃን አንድ ነው ብሎ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

መልስ 5

ከክሩ ሁሉ ትልቁን ቁም ነገር ያመጣው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የመልስ 2ን በቀኝ ብቻ ቁሙ እና የመልስ 3ን የብርሃን አቅጣጫ አንድ ላይ አጋጠማቸው። መንገዱ ከአዲስ አበባ እስከ ጣርማ በር በጥቅሉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ጠዋት የሚሄድ መኪና በቀኙ ያለው ደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም የፀሐይዋ አቅጣጫ ነው፤ የበራው ሜዳ ከመንገዱ ማዶ በግራ ይቀራል። ያን ጊዜ ስድስት ሰው ትራይፖድ ተሸክሞ በተሳቢ መሀል አስፋልት መሻገር ይጀምራል። ከሰዓት በኋላ ሲመለስም በቀኙ የሚያገኘው ሰሜን ምዕራብ ስለሆነ እንደገና ፀሐይ ከፊቱ ናት። ተገልብጦ ቢታቀድ ግን፣ ማለትም ከሰዓት በኋላ ተሂዶ ጠዋት ቢመለሱ፣ በሁለቱም ጉዞ የበራው ወገን በቀኝ ይሆናል። መሻገር አያስፈልግም፤ ሹፌሩም ሲሄድም ሲመለስም ፀሐይ ዓይኑን አትወጋውም።

አዳሩም በዚሁ ተወሰነ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ተኩል ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ደብረ ብርሃን ምሳ በልቶ፣ ጣርማ በር ከ9 ሰዓት ተኩል በፊት ደርሶ፣ ሳይጨልም ወርዶ ደብረ ሲና ማደር። በማግስቱ ገደሉን ከታች በጠዋት ብርሃን አንስቶ ሽቅብ መመለስ። ሸዋሮቢት ከዝርዝሩ ይውጣ አለ፤ ለፎቶ ሲባል የመጨረሻውን 35 ኪሎ ሜትር ወርዶ መውጣት ሁለት ሰዓት ይበላል፤ የሚያስገኘውም የሽንኩርት ማሳና ሙቀት ነው።

መልስ 6

ሸዋሮቢት የሽንኩርት ማሳና ሙቀት ብቻ ናት በመባሏ ቅር የተሰኘ የአካባቢው ሰው ነው። ከታች ሆኖ የሚታየው የገደሉ ሙሉ ቁመና ደብረ ሲና ላይ አይገኝም፤ ሲቀርቡት ግንቡ ተራሮቹን ይሸፍናቸዋል አለ። ትክክል ነው። ነገር ግን ለዚያ ሸዋሮቢት ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ ከደብረ ሲና በታች ጥቂት ኪሎ ሜትር ወርዶ ወደ ኋላ ዞሮ ማየት ይበቃል ብሎ ራሱ አስታረቀ።

መልስ 7

ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን ገደሉ ላይ ተጠጋግተው ያድሩና ፀሐይ ግንቡን ስታሞቀው ወደ አፋፉ ይወጣሉ፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ሣር ላይ ተቀምጠው ሲነጩ ይገኛሉ፤ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ወደ ገደላቸው ይመለሳሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ከዚያ ግን እንዲጠጉ ጥቂት ቆሎ መበተን ይበቃል ብሎ መከረ።

መልስ 8

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ መልስ 7ን በስሙ ጠርታ ምክሩን እንዲያወርድ ጠየቀች። ጭላዳ ሣር በሊታ ነው፤ በዓለም ላይ ያለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። ከሰው እጅ እህል የለመደ መንጋ አስፋልት ዳር ይውላል፣ መኪና ይገጨዋል፤ ቀጥሎም ገበሬው ማሳ ገብቶ ይባረራል፣ በድንጋይ ይመታል። ለአንድ ፎቶ ሲባል መንጋ ማበላሸት ነው አለች። መፍትሔውንም ሰጠች፦ በ20 ሜትር ርቀት ላይ መቀመጥ፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ መንጋው እየነጨ ራሱ ይቀርባል። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ፎቶ አንሺው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይበል። በእናትና በግልገል መሀል አይገባም።

የካሜራውንም ነገር አልተወችም። የጭላዳው ጠጉር ጥቁር ቡናማ ስለሆነ ካሜራው ጨለማ መስሎት ምስሉን ከመጠን በላይ ያበራዋል፤ የደረቱ ቀይ ቆዳ ነጥቶ ይቀራል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በ0.7 ዝቅ ማድረግ፣ ሹተሩን (የካሜራውን መዝጊያ) ከ1/500 ሰከንድ አለማዘግየት። ግልገሎች ሲሯሯጡ 1/1000 ይሻላል።

መልስ 9

መልስ 7 ተመልሶ መጣ። ቆሎው ስህተት መሆኑን ተቀብሎ፣ የተናገረችበት መንገድ ግን ከበደኝ ብሎ ሌላ ምንም ሳይጨምር ወጣ።

መልስ 10

ቆሎ ከተነሳ አይቀር የደብረ ሲናን ቆሎ ማን ይረሳል ብሎ ክሩን ወደ ጎን ወሰደው። የሸኖ ለጋ ቅቤም መጣ፤ ቅቤውን ሲሄዱ ወይስ ሲመለሱ መግዛት ይሻላል ወደሚል ደረሰ። ሲመለሱ የሚለው አሸነፈ፤ ቅቤ የጫነ ሚኒባስ ወደ ሞቃት አገር ወርዶ ከካሜራ ቦርሳ አጠገብ ቢቀልጥ ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። አወያዩ ገብቶ ወደ ርእሱ እንዲመለሱ ለመነ።

መልስ 11

ስለ ጉም። በክረምትና በበልግ ጉም ከቆላው ሽቅብ ተነስቶ ጣርማ በርን ይሸፍነዋል። ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው መጠበቅ ነው፤ ጉሙ እየተከፈተና እየተዘጋ ስለሚሄድ ግማሽ ሰዓት የታገሠ ሰው በመሀሉ የገደሉን ጫፍ ብቻውን ተንሳፍፎ ያገኘዋል። ሁለተኛው ከጉሙ በታች መውረድ ነው፤ ጥቂት መቶ ሜትሮች ከፍታ ዝቅ ሲሉ ብዙ ጊዜ ጣሪያው ከላይ ይቀራል። በጉም ውስጥ ካሜራው የሚይዘው ነገር ስለሚያጣ ፎከሱን በእጅ ማድረግ፣ ጉሙም ግራጫ ሆኖ እንዳይቀር ኤክስፖዠሩን በ1 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። መኪናው ግን ዳር ላይ አይቆምም፤ የመልስ 2 የ150 ሜትር ደንብ በጉም አይሠራምና ሰፊ ሜዳ እስኪገኝ ይታለፍ።

በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይጥላል። ሌሊት መኪና ውስጥ ያደረ ካሜራ ሞቅ ወዳለ አየር ድንገት ሲወጣ ሌንሱ ላብ ያወጣል። ካሜራውን ከብርዱ ሳያወጡ በፕላስቲክ ከረጢት አስሮ፣ ከወረዱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳይፈቱ ማቆየት ነው፤ ላቡ በከረጢቱ ላይ ይቀራል። ብርድ ባትሪንም ስለሚያደክም ትርፉ ከኮት የውስጥ ኪስ አይውጣ።

መልስ 12

አጭርና ቆጣ ያለ ነው። ይህ ሁሉ ሌንስና ቁጥር ምን ያደርጋል፣ በስልክ ማንሳት አይበቃም ወይ አለ።

መልስ 13

አዎ ይበቃል፣ ግን ስልክም ሥራ ይፈልጋል ብሎ መለሰ። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፤ የኪስ ቅባት ፀሐይ ሲያገኘው ምስሉን ያደበዝዘዋል። ሰማዩ ላይ ተጭኖ ብርሃኑን መቆለፍና ዝቅ ማድረግ። በጣት እየሳቡ ከማጉላት ቀረብ ብሎ ማንሳት ይሻላል፤ ሩቅ ሰንሰለት ግን ለስልክ አይሆንም፣ ፊት ለፊት ድንጋይ ወይም ዛፍ ይግባበት። ባለ ካሜራዎቹንም አንድ ነገር አስጠነቀቀ፦ ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ የሌንስ ማጣሪያ) ከ28 ሚሊ ሜትር በሰፋ ሌንስ ላይ ሲገባ ሰማዩ ግማሹ ጠቁሮ ግማሹ ነጥቶ ይወጣል፤ በዚህ ከፍታ ሰማዩ በራሱ ስለሚጠቁር ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። መልስ 12 አመስግኖ አለፈ፤ ቁጣውም በዚያው በረደ።

መልስ 14

ጠያቂው ራሱ ነው። ዕቅዱን በመልስ 5 መሠረት እንደለወጠ ነግሮ፣ የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ቆሞ በዋሻው አፍ የሚገባውን ብርሃን ማንሳት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

መልስ 15

ሹፌሩ (መልስ 2) በቁጣ ተመለሰ፤ ቁጣውም ተገቢ ነው። ዋሻው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ የተሠራ፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ጠባብና ጨለማ ነው። ከፀሐይ ገብቶ ዓይኑ ጨለማውን ያልለመደለት የሲኖትራክ ሹፌር ትራይፖድም ሰውም አያይም። ዋሻ ውስጥ መቆም የለም፣ መውረድ የለም፣ የፊት መብራት ሳያበሩ መግባት የለም። ፎቶው ካስፈለገ ከሹፌሩ ጎን የተቀመጠው ሰው መኪናው እየሄደ ያንሳ፤ የፊት መስታወቱ ቀድሞ ይወልወል፣ ኤክስፖዠሩም በውጭው ብርሃን ልክ ይቆለፍ። አለዚያ ከአፉ ራቅ ብሎ ሜዳ ባለበት ከውጭ ይነሳ።

በዚያው ቁልቁለቱን አነሳ። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲናና ከዚያም በታች መኪና የሚወርደው በማርሽ እንጂ በፍሬን አይደለም፤ ሚኒባሱ ዳገቱን በሚወጣበት ማርሽ ይውረድ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ያለማቋረጥ የተረገጠ ፍሬን ሸራው ይሸታል፤ ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ሲቆይ በቀላሉ ይፈላል፤ ሁለት ዓመት ያለፈው ዘይት ይዞ እዚህ መውረድ የለበትም። ሽታው ከመጣ ሜዳ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዝ ነው። ውኃ አይደፋበትም፣ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። የእጅ ፍሬንም አይሳብ፣ ሸራው ከጋለው ብረት ጋር ሊጣበቅ ይችላል፤ ማርሽና ታኮ ይበቃዋል። ስለዚህ የቁልቁለቱ መሀል ላይ አንድ የፎቶ ማቆሚያ አስገቡ፣ እናንተ ስታነሱ ፍሬኑ ይቀዘቅዛል አለ።

በማግስቱ ሽቅብ ሲሆን ደግሞ የሚያሳስበው ሙቀቱ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያጣ፣ ስድስት ሰውና ሻንጣ የጫነ ሚኒባስ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ሲሶ ጉልበቱ የለም። ማቀዝቀዣ አየሩን ማጥፋት፣ ማርሹን ሞተሩ ሳይጨነቅ ቀድሞ ማውረድ፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ከፍ ካለ መቆም። የጋለ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም።

መልስ 16

መንዝ ጓሳን ጨምሩ ባዩ ነው። ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ተገንጥሎ ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን፣ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ የጓሳ ምድር አለ። ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጅብራ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይገኝበታል። የተናገረው ሁሉ ልክ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን በማለዳ ተነስቶ፣ በእግር ሄዶ፣ ብዙ ጠብቆ የሚገኝ እንጂ ከመኪና ወርዶ በ25 ደቂቃ የሚነሳ አይደለም፤ ሌላ ጉዞ ይገባዋል።

መልስ 17

አንኮበርን ያነሳችው ደግሞ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብላ ተከራከረች። የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ፣ ቁልቁል የሚታየው ቆላ፣ በስሟ የምትጠራውም ትንሽ ወፍ አለች። የገደሉ ፊት እዚያም ወደ ምሥራቅ ስለሆነ ግን የጣርማ በርና የአንኮበር ጥሩ ሰዓት አንድ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ሁለቱ አፋፍ ላይ መገኘት አይቻልም። መልስ 4 ይህን አስታውሷት ተቀበለች። መንገዱ ከጣርማ በር በላይ ተዘግቶ ቢገኝ አንኮበር በመጠባበቂያነት ይያዝ የሚለው ሐሳቧ ግን ጥሩ ነው፤ ጠያቂው ወሰደው።

መልስ 18

ከሁሉ የጠነከረው ይህ ነው። እስካሁን ስለ ብርሃን ብቻ አወራችሁ፣ ስለ ሰውና ስለ ጸጥታ ማን ያንሳ ብሎ ጀመረ። ከመነሳት በፊት ያለው ቀን ላምበረት መናኸሪያ ሄዶ በዚያው ቀን ከመስመሩ የገቡ ሁለት ሹፌሮችን ለየብቻ መጠየቅ፤ መልሳቸው ካልተስማማ ጉዞውን ማዘግየት። ከ12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አለመገኘት። ኬላ፣ ወታደርና የጸጥታ ተሽከርካሪ ሲታይ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ገብቶ ዚፑ ይዘጋ፤ ከአንገት ላይ የተንጠለጠለ ካሜራ ብቻውን ጥያቄ ያስነሳል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይያዝ።

ገበሬውንም በተመለከተ ልክ ብሏል። በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማው ውብ ነው፤ በሬ ሲያበራይ፣ ገለባው ወደ ነፋስ ሲወረወር ማን አያምረውም። ግን ከአስፋልት ዳር በረጅም ሌንስ ሰርቆ ማንሳት ነውር ነው። ካሜራው ወርዶ፣ ወደ አውድማው ተጠግቶ፣ እህል ያበርክትላችሁ ብሎ፣ ከባለቤቱ ፈቃድ ጠይቆ ነው የሚነሳው። እንቢ ከተባለ አመስግኖ መመለስ። በአውድማው መሀል በጫማ አይታለፍ። ሕፃናትን ወላጅ ሳይፈቅድ አለማንሳት፣ ገንዘብም አለመበተን፤ ሳንቲም የለመደ ልጅ ለሚቀጥለው መኪና አስፋልት ላይ ይሮጣል። ቤተ ክርስቲያን ላይ ፈቃድ ከካህናቱ ይጠየቃል፣ ሥዕል ላይ ፍላሽ አይተኮስም።

ሁለት ሰዎች ነገሩን አከበድከው ቢሉትም እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

መልስ 19

ጠያቂው የታረመውን ዕቅድ አቀረበ። ቅዳሜ 4 ሰዓት ተኩል መነሳት። ከሸኖ ወዲያ ያለው ሜዳ አንድ፣ ጫጫ አካባቢ አንድ፣ ምሳ ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር አፋፍ 9 ሰዓት ተኩል፣ የቁልቁለቱ መሀል አንድ፣ አዳር ደብረ ሲና። እሑድ ከደብረ ሲና በታች 1 ሰዓት፣ አፋፉ ላይ ጭላዳ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ መመለስ። 14 የነበረው ማቆሚያ ወደ ስድስት ወረደ።

መልስ 20

ዕቅዱን አይቶ አንድ ሰዓት ብቻ አረመ። እሑድ 1 ሰዓት ላይ ከታች ለመገኘት ከደብረ ሲና 12 ሰዓት ከሩብ መነሳት አለባችሁ፤ በጥር ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ነው፣ በግንቦት ግን 12 ሰዓት እንዳለፈ ትወጣለች። ፀሐይ በእኛ አገር ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ቢጫው ብርሃን ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ ትራይፖዱ ቀድሞ የቆመለት ሰው ነው የሚያገኘው።

መልስ 21

ሹፌሩ ለመጨረሻ ጊዜ ገባ፤ አሁን ረጋ ብሎ ነው። ማቆሚያዎቹን በሰፈር ስም አትጻፉ፤ ስሙ ለሦስት ኪሎ ሜትር ርዝመት ሊሆን ይችላል። ደብረ ብርሃን በሬሳ ድልድይ ላይ የሚኒባሱን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዜሮ አድርጋችሁ ከዚያ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ በየትኛው ወገን እንደሆነና ስንት መኪና እንደሚያስቆም በወረቀት ጻፉ፤ ገደሉ ውስጥ ኔትወርክ ሲጠፋ የስልኩ ካርታ አያድናችሁም። ነዳጅ ደብረ ብርሃን ላይ ሙሉ ይቀዳ። ጠያቂው ወረቀቱን ሲመለስ እዚሁ ክር ላይ እንደሚለጥፍ ቃል ገባ፤ ሹፌሩም ታኮው ሁለት ይሁን ብሎ መለሰለት።